ስለ ሲጋራ ሐራራና ስለ ማግኔቱ ሕክምና

(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በብድር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር አንዲት አባላችን ያቀረበችውን የብድር ጥያቄ አጥንተን መልስ ይዘን እንድንመጣ አዛችሁን ነበር። ጥያቄው እስከ ዛሬ ከለመድናቸው የምጣድ፣ የባልትናና የስፌት መኪና ብድሮች የተለየ ስለሆነ «ይሰጥ» ወይም «አይሰጥ» ብለን በአንድ ቃል ልንዘጋው አልወደድንም። የቤት ገመና ነውና እዚህ ፊት እንድናነሳው አባላችን ራሷ ፈቅዳልናለች። ስሟን አንጠራም፤ ይህ ንግግር በዜና መጽሔታችን ሲወጣም ስሟ አይገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባላችን ባለቤት ከሃያ ዓመት በላይ አጭሷል። ሦስት ጊዜ ተወ፣ ሦስቴም ተመለሰበት። አምና የሳንባ ነቀርሳ ይዞት የስድስት ወር መድኃኒቱን ጨርሶ ድኗል፤ ሐኪሙ ግን ሲጋራውን ካልተውክ በሽታው ተመልሶ ሊመጣብህ ይችላል ብሎታል። በዚህ መሀል ልጃቸው በስልኳ አንድ ቪዲዮ ታሳያቸዋለች። ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ የሞተር ብስክሌት ቆብ የመሰለ ነገር ራሱ ላይ ተደርጎለታል፣ በማግኔት የሲጋራ ሐራራውን ያክሙታል። አባላችን ባለቤቷን ውጭ አገር ወስዳ ይህን ልታሳክመው ቆረጠች። ዘመድ የሚያዋጣው ተቆጥሮ የጎደለውን ከእኛ ጠየቀች። የጠየቀችው ካጠራቀምነው ሲሶው ነው። ያ ሲሶ በየሳምንቱ ከእንጀራው፣ ከሽንኩርቱ፣ ከልብስ አጠባው ተቀንሶ የገባ ገንዘብ መሆኑን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገንም።

ስለዚህ ሦስት ሆነን አነበብን፣ ባለሙያ ጠየቅን፣ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ልጆቻችንንም አስቸገርን። ያገኘነውን እንንገራችሁ።

በመጀመሪያ፣ ቪዲዮው ውሸት አይደለም። ብዙዎቻችን «የጠንቋይ ሥራ በማሽን» ብለን ስቀን ነበር፤ ሕክምናው ግን በእውነት አለ። ስሙ ትራንስክራኒያል ማግኔቲክ ስቲሙሌሽን ነው፤ በአጭሩ ቲኤምኤስ ይሉታል። መሣሪያውን መጀመሪያ የሠሩት በእንግሊዝ ሸፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1985። አሠራሩ ከትምህርት ቤት ፊዚክስ የራቀ አይደለም። በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ በቅጽበት ሲለቀቅ ማግኔት ይፈጠራል። ያ ማግኔት የራስ ቅልን ሳይቆርጥ፣ ሳያቆስል አልፎ እውስጥ ያለውን የአንጎል ክፍል በጥቂቱ ኤሌክትሪክ ይነካዋል። የአንጎል ሴሎች የሚነጋገሩት በኤሌክትሪክ ስለሆነ ይሰማሉ። ታካሚው አይተኛም፣ አይደነዝዝም። ቀጭ ቀጭ የሚል ከፍተኛ ድምፅ ስላለው ጆሮው ይደፈንለታል፤ ራሱን በጣት የሚቆረቁሩት ያህል ይሰማዋል። ራስ ምታት የሚይዛቸው አሉ። አልፎ አልፎ፣ እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር፤ በሠፈራችን ብዙ የቀድሞ ወታደሮች አሉና። ራሱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ የጥይት ወይም የፈንጂ ፍንጣሪ የቀረበት፣ ይህን ሕክምና ማድረግ የለበትም። የሚጥል በሽታ ያለበትም እንዲሁ ከሐኪም ጋር በደንብ ሳይመክር አይሞክረውም። ይህን ቪዲዮው አይናገርም።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን መሣሪያ ለከባድ ድብርት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ለሲጋራ የፈቀደው በ2020 ነሐሴ ላይ ነው። ለድብርት የተፈቀደ ነገር እንዴት ወደ ሲጋራ ሄደ? ከንባባችን ሁሉ እኛን ይበልጥ የያዘን ይህ ነው፤ ጥቂት እንቆይበት።

በአንጎላችን ውስጥ፣ ከጆሮ ግንድ በስተውስጥ፣ በእጥፋቶቹ መሀል ተሸፍኖ የተቀመጠ አንድ ክፍል አለ። ኢንሱላ ይባላል፤ በላቲን ደሴት ማለት ነው። ሥራው የገዛ ሰውነታችንን ወሬ ለእኛ ማድረስ ነው። ሆዳችን ሲሞረሙር፣ ጉሮሯችን ሲደርቅ፣ ልባችን ሲደልቅ፣ የሚያስጠላ ነገር ስናይ ሲያቅለሸልሸን፣ ይህን ሁሉ «ተሰማኝ» የሚያሰኘን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በስትሮክና በመሰለው ሕመም አንጎላቸው የተጎዳ 69 አጫሾችን መረመረ። ከእነሱ ውስጥ ጉዳቱ ኢንሱላቸውን የነካባቸው 19 ነበሩ። ከ19ኙ 13ቱ ማጨስ አቁመዋል። ከ13ቱም 12ቱ ያቆሙት ያለ ትግል ነው። ቆረጡና ቆመ፣ ሐራራውም አልተመለሰባቸውም። አንደኛው ከ14 ዓመቱ ጀምሮ የሚያጨስ፣ በቀን ከ40 በላይ የሚጨርስ ሰው ነበር። በ28 ዓመቱ ስትሮክ መታው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሲጋራ ሲጠየቅ ሰውነቱ ፍላጎቱን እንደረሳው ተናገረ።

ይህን ባነበብን ቀን ከሦስታችን አንዷ ወረቀቱን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ባሏ ሲያጨስ የሞተባት ናት።

«አመል ያወጣል ከመሐል» እንላለን። አጫሹን ወኔ ቢስ፣ ቃሉን የማያከብር፣ ቤቱን የማይወድ እናደርገዋለን። ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጨሱትን ከንፈራቸውን ያስቆርጡ እንደነበር በታሪክ ይነገራል፤ ትምባሆው ግን እስከ ዛሬ አለ። በየቤታችንም የምንቆርጠው ከንፈር ባይኖርም በነገር የምንቆርጠው ብዙ ነው። ያ ጥናት የሚለው ሌላ ነው። ሐራራ እንደ ረሃብና እንደ ጥም በሰውነት ውስጥ ቦታ ያለው ነገር ነው። ሰውየው ቤቱን እየወደደም ይርበዋል። ይህ ማለት ኃላፊነት የለበትም ማለት አይደለም፤ የተራበ ሰው ሁሉ አይሰርቅም። ነገር ግን የተራበን ሰው በስድብ ማጥገብ እንደማይቻል ሁላችንም እናውቃለን።

ሐኪሞቹ ያሰቡት ታዲያ፣ ስትሮክ በአጋጣሚ ያደረገውን እኛ ሳንጎዳ በማግኔት ማድረግ እንችል ይሆን ብለው ነው። ኢንሱላ ጥልቅ ስለሆነ ተራው መሣሪያ አይደርስበትም፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚሄድ የሽቦ ቆብ ተሠራለት። በ14 ቦታዎች 262 አጫሾች ተመዘገቡ። በአማካይ ከ26 ዓመት በላይ ያጨሱ፣ ለማቆም ሞክረው ያልሆነላቸው ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ እንደ አባላችን ባለቤት ማለት ነው። ለከፊሎቹ እውነተኛው ማግኔት ተደረገላቸው። ለሌሎቹ ደግሞ ድምፁም ንክኪውም ያው የሆነ፣ ማግኔቱ ግን አንጎል የማይደርስ ማስመሰያ ተደረገላቸው። ማን የቱን እንዳገኘ አያውቁም። ሦስት ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት በሳምንት አንዴ፣ በድምሩ 18 ቀን ተመላለሱ።

ውጤቱ በ2021 ወርልድ ሳይካያትሪ በተባለ መጽሔት ወጣ። እውነተኛውን ካገኙት ከ100 ሰው 19ኙ ያህል አቆሙ፤ ማስመሰያውን ካገኙት 9ኙ ያህል። ሁሉንም ቀጠሮ ሳያቋርጡ ከጨረሱት ብቻ ሲቆጠር 28 ለ12 ገደማ ይሆናል። ጥናቱን የደገፈው መሣሪያውን የሚያመርተው ብሬይንስዌይ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ መሆኑንም እወቁት። እንጀራዬ ኮምጥጧል ብላ የምትሸጥ የለችም። ቢሆንም ጥናቱ በሥርዓቱ የተሠራ፣ በሌሎች ባለሙያዎች የታየ ነው፤ ልዩነቱም እውነተኛ ነው። ማግኔቱ የሚያቆሙትን ሰዎች እጥፍ አድርጓል።

ግን ደግሞ በሌላ በኩል ቁጠሩት። ከ100 ሰው 80 ያህሉ ከዚያ ሁሉ ምልልስ በኋላም አላቆሙም። አባላችን ቁጥሩን ስንነግራት «ለዚህ ነው እንዴ ቤቴን ልሸጥ የነበረው» አለች። ቤት መሸጥ አስባ እንደነበር እኛ እስከዚያች ሰዓት አናውቅም ነበር።

በዚህ ምክንያት ኮሚቴው ብድሩ በተጠየቀበት መልክ እንዲሰጥ አይደግፍም። ሕክምናው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ትኬት፣ ቪዛ፣ የስድስት ሳምንት ማደሪያና ቀለብ፣ የእሷም ገበያ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ ወጥቶ አምስተኛ ዕድል ነው የሚገዛው። ቀን ሲያልፍ መሣሪያው ሊረክስ፣ በየአገሩ ሊበዛ ይችላል፤ ያኔ እንደገና እናየዋለን። ዛሬ ግን የብዙ ሴት ገንዘብ የሚጣልበት አይደለም።

ይህን ብለን ብናበቃ ደግሞ ለአባላችን ምንም አላደረግንም። ባሏ ዛሬም እያጨሰ ነው፣ ሳንባው ያው ሳንባ ነው። ስለዚህ ከማግኔቱ ጥናት ለቤታችን የሚሆን ነገር አለ ወይ ብለን ፈለግን፤ አገኘንም።

እዚያ ሰውየው በየቀኑ ማግኔቱ ከመደረጉ በፊት ሆን ተብሎ ሐራራው ይቀሰቀስበት ነበር። ሲጋራና ላይተር ያስይዙታል፣ ሥዕል ያሳዩታል፣ ማጨስ ከሚወድበት ሰዓት የትኛው እንደሆነ እንዲያስብ ያደርጉታል። ሐራራ በቀስቃሽ እንደሚነሳ ስለሚያውቁ፣ ነቅቶ ሳለ ሊመቱት ፈልገው ነው። ማሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ያህል ያነጋግሩታል፣ ያበረታቱታል።

እህቶች፣ ቀስቃሹን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ቡናውን የምናፈላው እኛ ነን። አቦሉ ሲቀዳ እጁ ወደ ኪሱ እንደሚሄድ እናውቃለን። ቅዳሜ ከሰዓት ጫቱ ሲመጣ ሲጋራው አብሮ እንደሚመጣ፣ ምርቃናው ሲይዘው አንዱን ከአንዱ እንደሚለኩስ፣ ለጨብሲ ሲወጣም እንደማይቀርለት እናውቃለን። አምስተኛ ፎቅ ውጥተን ውሃ ስናመላልስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ የሚያጨሰውን አልፈነው እንሄዳለን። አባላችንን የባለቤቷን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ቁጠሪልን አልናት። በቀን ከሚያጨሳቸው 15 ፍሬዎች 9ኙ በአራት ሰዓቶች ዙሪያ የተሰበሰቡ ሆኑ፤ ከቁርስ በኋላ፣ ቡና ላይ፣ ከሥራ ሲገባ፣ ከእራት በኋላ። ጫት ያለበት ቀን ብቻውን ሒሳቡን ያፈርሰዋል።

ሁለተኛው ነገር፣ ሐራራ ይመጣል፣ ይሄዳልም። አንዱ ውርጅብኝ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች አያልፍም። ኒኮቲን ከሰውነት ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፣ ሰውየው ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ይቸኩላል። ከዚያ በሁለትና በአራት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። የሙስሊም እህቶቻችን ይህን በረመዳን ያዩታል፤ በአዘቦት ቀን ሁለት ሰዓት መታገስ ያቃተው ሰው ከንጋት እስከ አፍጥር ድረስ ይቆያል። ቀኑ ሙሉ ጾም መሆኑን ሰውነቱ ስለተቀበለ፣ ጓደኞቹም ስለማይለኩሱ፣ ሐራራው ያን ያህል አያዋክበውም። ከአፍጥር በኋላ ግን ያው ነው፣ የመጀመሪያው ነገር ሲጋራ ይሆናል። ክርስቲያኖቹም በሑዳዴ የሚተዉ አሉ፤ ለፋሲካ ይመለሳሉ።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ትምባሆ ለማቆም የሚረዳ የሕክምና መመሪያ አውጥቷል። የመከራቸው መድኃኒቶች ኒኮቲንን በፕላስተር ወይም በማስቲካ የሚተኩት፣ ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን ናቸው። ከመድኃኒቱ ጋር ምክር እንዲኖርም ይላል፤ የጤና ባለሙያ ከ30 ሴኮንድ እስከ ሦስት ደቂቃ የሚሰጠው አጭር ምክር እንኳን ቁጥር ውስጥ ገብቷል። ይህ አገራችን ላይ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ አማኑኤል ሆስፒታልም የሱስ ሕክምና ይሰጣል። «አማኑኤል» ሲባል የምናፍርበት ጊዜ ይብቃ፤ ለሲጋራ ሐራራ ወደዚያ መሄድ ለጥርስ ሕመም ወደ ጥርስ ሐኪም እንደ መሄድ ነው።

በአገራችን የሚያጨሰው ሰው ቁጥር ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ጥሩ ዜና ነው፤ ግን ለእነዚያ አምስቱ ክፉ ጎን አለው። ጥቂት ስለሆኑ የሚያቆሙበትን መንገድ ብዙ ሰው አላሰበበትም። አዋጁስ ወጥቷል፤ በጥር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም እንዲሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም ዋጋውን ከፍ አድርጓል። ዋጋው ሲጨምር ግን ሐራራ ያለበት ሰው ከልጁ ደብተር ይቀንሳል እንጂ ከሲጋራው አይቀንስም፤ ቢያንስ በመጀመሪያ። አንዱን ፍሬ በ10 ብር ብናስበው የአባላችን ባለቤት በወር 4,500 ብር ያቃጥላል። ብድር ከፈለገችበት ቤት ውስጥ በየወሩ የሚወጣ ገንዘብ ነው ይህ።

ከ1.8ቱ በመቶ ሴቶች ውስጥ የእኛም እህቶች አሉ። ስም አንጠራም፤ አይን አይንም አንተያይ። ወንድ ሲያጨስ «አመሉ ነው» ይባላል፤ ሴት ስታጨስ ግን ስድቡ ሌላ ነው። ስለዚህ መታጠቢያ ቤት ተደብቃ ታጨሳለች፣ ሐኪም ቢጠይቃትም አላጨስም ትላለች። ለወንዱ የምናስበውን ለእሷ ካላሰብን ይህ ሁሉ ንግግር ከንቱ ነው። ኮሚቴው ከሚያቀርበው ሐሳብ እኩል ተጠቃሚ እንድትሆን፣ ሰው ሳያውቅ ለገንዘብ ያዣችን ብቻ ነግራ መውሰድ እንድትችል አድርገን ጽፈነዋል።

ደጋፊዎቻችን፣ ለእናንተም አንድ ነገር። ማግኔቱን ግዙልን አንልም። ያነጋገርነው ባለሙያ እንደነገረን፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ቁጭ ብላ አጫሾችን የምትመክር የሠለጠነች ነርስና ለጥቂት ወራት የሚሆን የኒኮቲን ፕላስተር ለብዙ ቤት ይበቃል። ይህን ብትደግፉን ሒሳቡን በየሦስት ወሩ እናሳውቃችኋለን፤ ስንት ጀመሩ፣ ስንት ተመለሱ፣ ስንት ቆዩ። የተመለሱትንም አንደብቅም፤ ማግኔቱ ራሱ ከ100 ሰው 80 ያህሉን መልሷል።

አሁን ለድምፅ የምናቀርበው ይህ ነው። አንደኛ፣ ለውጭ ሕክምና የተጠየቀው ብድር አይሰጥ። ሁለተኛ፣ ከክፉ ቀን መዋጮው ለአባላችን ያለ ወለድ ለሦስት ወር የመድኃኒትና የመጓጓዣ ብድር ይሰጥ፤ ባለቤቷ ያጨስ የነበረውን የሲጋራ ዋጋ በየሳምንቱ ራሱ እያመጣ ይክፈል። ሰውየው ይህን ተስማምቷል፤ እኛ ፊት መጥቶ ነው የተስማማው፣ መድኃኒቱን የሚጀምርበትን ቀንም እሱ ነው የመረጠው፤ የሚመጣው ሰኞ። ቅዳሜ ጫት ቤት ላለመሄድ ለጓደኞቹ ነግሯል፣ አንዱ ጓደኛው ስቆበታል፣ ሌላው ግን እኔም አብሬህ ልሞክር ብሎታል። ሦስተኛ፣ ቡናውን በተመለከተ አባላችን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጀበናዋን ጎረቤቷ ቤት ወስዳ ታፈላለች፤ ይህን ድምፅ ልንሰጥበት አያስፈልግም፣ እሷ ወስናለች።

ሰውየው ቢመለስበት ብድሩ ይሰረዛል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። ኮሚቴው የጻፈው፣ ቢመለስበትም እስከ ሦስተኛው ወር መጨረሻ ድረስ እንዳይቋረጥ ነው። ይህን የምትቃወሙ ካላችሁ አሁን ተናገሩ፤ ከዚያ ጸሐፊያችን ቃለ ጉባኤውን ታነባለች፣ እጅ ይወጣል።